ወንበር ስቦ መቀመጥ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባል ያደረጉት ንግግር)



ተራው የእኔ ሲሆን ስለ ቁጠባ ወይም ስለ ደም ግፊት እናገራለሁ ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔ ግን የመጣሁት ስለ አንዲት ሠዓሊ ልነግራችሁ ነው። አሊስ ኒል ትባላለች። አሜሪካዊት ናት፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1900 ተወልዳ በ1984 አርፋለች።

አሊስ ዕድሜዋን ሙሉ የሣለችው ሰው ነው። የሰውን መልክ መሣል እንደ ኋላ ቀርነት በሚታይበት ዘመን እንኳ አልተወችውም። ከ1938 ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ የኖረችው ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ብዙ የፖርቶ ሪኮ ስደተኞች በሚኖሩበት ሠፈር ነበር። ጎረቤቶቿን፣ ልጆችን፣ ነፍሰ ጡሮችን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ትሥል ነበር። በ1967 የልጇን ሚስት ከአራስ ልጇ ጋር ሥላለች። እናትየዋ ፈገግ አላለችም። ሕፃኗን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ዓይኗ ፈጧል። የመጀመሪያ ልጅ የታቀፈች ሁሉ ያንን ፍርሃት ታውቀዋለች።

አሊስ ራሷ ብዙ አይታለች። የመጀመሪያ ልጇ ዓመት ሳይሞላት በጉሮሮ በሽታ ሞተችባት። ሁለተኛዋን፣ ኢዛቤታን፣ በ1930 አባቷ ወደ አገሩ ኩባ ወሰዳት፤ ልጅቷም እዚያው ከዘመዶቹ ጋር አደገች። እናትየዋ በሐዘን ታማ ሆስፒታል ገባች፤ ሕይወቷንም ለማጥፋት ሞክራ ነበር። ተርፋ ወደ ብሩሿ ተመለሰች። በ1934 ልጅቷ ልትጠይቃት ስትመጣ ሣለቻት። በዚያው ዓመት አብሯት ይኖር የነበረው ሰው በንዴት ሥዕሎቿን ቀዳዶ አቃጠለ፤ የልጅቷም ሥዕል አብሮ ጠፋ። አሊስ በዓመቱ እንደገና ሣለችው።

ያንን ሥዕል ያየሁት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ በመጽሐፍ ላይ ነው። ትንሽ ልጅ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ቀጥ ብላ ቆማ ታያችኋለች። ክው አልኩ። አቋቋሟ የልጄ ነበር።

እኔ ልጄን በአራት ዓመቷ ለእናቴ ትቼ ነው የወጣሁት። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ሳስመጣት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ «እንደምን ነዎት?» አለችኝ። በእኛ ቤት እናት «አንቺ» ነው የምትባለው። እኔ እንግዳ ሆኜባት ነበር። ቤት ከገባን በኋላም ሁለት ሥራ እሠራ ስለነበር የምንገናኘው በር ላይ ነበር።

ሥዕሉን ካየሁ በኋላ እሑድ እሑድ ስልኬን ዘግቼ፣ ወንበር ስቤ ፊት ለፊቷ መቀመጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሁለታችንም ዝም። በሦስተኛው እሑድ «ለምን ተውሽኝ?» አለችኝ። «ላንቺ ብዬ ነው» የሚለው መልስ አፌ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። ጥያቄው ከበደኝ፤ ነገር ግን «አንቺ» ብላኛለች። ያን ዕለት እስኪመሽ አወራን። ሁሉም አላለቀም፤ እስከ ዛሬ እያወራን ነው።

አሊስ ሥራዎቿ በዊትኒ ሙዚየም በሰፊው ሲታዩላት ዓመቱ 1974 ነበር፤ ያኔ እሷ የሰባ አራት ዓመት ሴት ናት። ከኢዛቤታ ጋር አብሮ መኖር ግን ሳይሆንላት ቀረ።

እህቶቼ፣ ብዙዎቻችን ገንዘብም ጫማም ልከናል። ልጅ ያስመጣችሁ፣ ለማስመጣትም ወረቀት የጀመራችሁ አላችሁ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ከአልጋው በፊት ሁለት ወንበር አዘጋጁ። መቀመጡ የሚከብዳት ካለችም እኔ ቤት ትምጣ፤ ቡና አፍልቼ አብሬያት እቀመጣለሁ።