የሕፃናት መጫወቻና የአንድ ሃይማኖት ትምህርት

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ ጸሐፊ ስለ ሕፃናት መጫወቻ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ እንደ ቀልድ ቆጥሬው ነበር። በአገር ላይ ስንት ከባድ ጉዳይ ሳለ ስለ አሻንጉሊት ለመናገር የሚነሣ ሰው ምን ዓይነት ሳቅ እንደሚጠብቀው ዐውቃለሁ። ዳሩ ግን ነገሩን ሳሰላስለው ባለፈው ክረምት አቀስታ በእኅቴ ቤት ያየሁት ሁሉ ትዝ አለኝና እሺ አልኩ። ከዚያው ልጀምር።

እኅቴ ማተብ ያላት ናት፤ ባለቤቷ ሙስሊም ነው። ሲጋቡ አንዱ ሌላውን ሃይማኖቱን አላስለወጠም። ይህ በወሎ ለሚያድግ ሰው ያን ያህል እንግዳ ነገር አይደለም። ከአንድ አያት ወርደን አንዳችን ቤተ ክርስቲያን፣ አንዳችን መስጊድ ስንሄድ፣ ሠርግ ሲደገስም ለእስላሙና ለክርስቲያኑ ለየብቻ ታርዶ በየድስቱ ሲቀርብ እያየን ነው ያደግነው። እንዲያውም የብዙዎቻችን የመጀመሪያ የሃይማኖት ትምህርት «ያን አትንካ፣ ያ የእነእገሌ ሥጋ ነው» የሚለው ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከዚህ ጋብቻ የተወለደው ልጅ አሁን አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። በልደቱ ሰሞን እናቴ ትንሽ የእንጨት መስቀልና ለልጅ እጅ የምትመች ከበሮ ይዛለት መጣች። የአባቱ እናት ደግሞ ቁልፉን ሲጫኑት ፋቲሓን የሚያነበንብ የፕላስቲክ መጫወቻ ከደሴ አስገዝታ ላከችለት። አባትየው ሁለቱንም ተቀበለ፤ አመሰገነ፤ ከዚያም ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀላቸው። «ሲያድግ ራሱ ይመርጣል» አለ። ልጁ ሁለት ቀን ሙሉ አለቀሰ። በሦስተኛው ቀን አንድ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አግኝቶ አፉን በላስቲክ ወጥሮ ይደልቅ ጀመር። እናቴ «ከበሮ ነው የሠራው» አለች፤ የአባቱ እናት «ድቤ ነው እንጂ» አለች። የሚያዜመውንም ቀርቤ አዳመጥኩት፤ ከመንዙማውም ከማሕሌቱም የሌለ፣ የራሱ የሆነ ነገር ነበር።

ነገሩ በዚህ ሳቅ ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ እዚህ ባልቆምኩ። በዚያው ክረምት ልጁ በብርቱ ታመመ፤ ትኩሳቱም ሦስት ሌሊት አልለቀው አለ። ሁለቱ አያቶች ከአንድ አልጋ ግራና ቀኝ ተቀመጡ፤ አንዲቱ ጠበል ትረጫለች፣ አንዲቱ ዱዓ ታደርጋለች። በሁለተኛው ሌሊት የአባቱ እናት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አያድርገውና፣ በየት በኩል ልንወስደው ነው?» ብላ እናቴን ጠየቀቻት። እናቴ መልስ አልነበራትም። እንደምታውቁት በእኛ አገር ቅሬ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በአንድነት ይዞ የሚያስተዛዝን ማኅበር ነው፤ ድንኳኑ አንድ፣ ዕቃው አንድ፣ ልቅሶው አንድ ነው። መቃብሩ ግን ሁለት ነው። የቅሬው ሰዎች አካፋቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይሂዱ ወይስ ወደ ሙስሊሙ መቃብር? ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና አልተነሣ፤ በሰባተኛ ቀኑም ዐቂቃ አልወጣለት። (ከሁለቱም ወገን በስውር የተደረገ ነገር እንዳለ እጠረጥራለሁ፤ እሱን ግን አላነሣም።) ልጁ፣ ተመስገን፣ ዳነ። ጥያቄው ግን እንዳለ ቀረ።

እዚህ ግቢ ስመለስ ነገሩን ለጓደኞቼ ባወራላቸው፣ አብዛኞቹ ከአባትየው ጋራ ወገኑ። አራት ዓመት ያልሞላውን «የክርስቲያን ልጅ» ወይም «የሙስሊም ልጅ» ማለት እንጂ «ክርስቲያን» ወይም «ሙስሊም» ማለት አይገባም የሚለው አሳብ፣ እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሪቻርድ ዳውኪንስ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ከገፋበት ወዲህ በተማረው ዘንድ ብዙ ደጋፊ አግኝቷል። አሳቡን የምንንቀው አይደለም። በተለይ እኛ የወሎ ሰዎች ሃይማኖት በግድ ሲጫን ምን እንደሚያደርግ ከማንም የበለጠ እናውቃለን። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ባዘዙ ጊዜ፣ ባላባቶቹ ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ሚካኤል፣ ኢማም አመዴ ሊበን ኃይለ ማርያም ተብለው ክርስትና ተነሡ፤ ለመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥቱ፣ ለሁለተኛው ምኒልክ የክርስትና አባት ሆኑ። እምቢ ያለው እነሼህ ጠልሃን ተከትሎ ሸፈተ ወይም ተሰደደ። ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆኖ የኖረውም ብዙ ነበር። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ልጅ ኢያሱም በ1909 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከዙፋኑ የወረደው ሰልሟል በሚል ክስ ነው። አያስደንቅም እንዴ? አባቱ ከተጠመቀ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ገደማ አልፎት ነበር፤ ሆኖም ሰው ሁሉ የልጁን ማተብ አጠገቡ ቆሞ ይመረምር ነበር።

ስለዚህ በልጅ ላይ ግዳጅ አይሁን የሚለውን እኔም እቀበላለሁ። ሕጋችንም በዚሁ በኩል ብዙ ተጉዟል። የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ፣ ለሌላው የአምልኮ ነፃነትን ሰጥቶ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለያይቶ፣ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን አድርጎ፣ በአንቀጽ 27 ግን ልጅን በራሳቸው እምነት የማሳደግን መብት ለወላጆች ትቶላቸዋል። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም የልጁን የሕሊና ነፃነት አውጆ፣ ወላጆች እንደ ልጁ የማስተዋል ዕድገት ሊመሩት እንደሚገባ ይናገራል። እንግዲህ ሕጉ በር ላይ ቆሟል፤ ቤት ውስጥ የሚደረገውን ለእኛው ትቶልናል። የእኅቴ ባል ሕግ አልጣሰም። የተሳሳተው፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ሌላ ላይ ነው።

የተሳሳተው ባዶ ቦታ መስሎት ነው። የአራት ዓመት ልጅ ባዶ አይጠብቅም፤ ቆርቆሮ ይወጥራል። ደግሞም ሁለቱም ሃይማኖቶች ይህን ዕድሜ ከእኛ ቀድመው አስበውበታል። በቤተ ክርስቲያን ልማድ ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ትጠመቃለች፤ ጾም ግን እስከ ሰባት ዓመት አይጠየቅም። በእስልምናም ሲወለድ አዛን በጆሮው ይባልለታል፤ ስገድ የሚባለው ግን በሰባት ዓመቱ ነው። በሁለቱም ዘንድ ልጁ ገና በጨቅላነቱ ቤተሰብ ይሆናል፣ ሸክሙ ግን ይቆየዋል። በመካከል ያለው ዘመን የምን ነው? የጨዋታ ነው።

ለዚህም ከሁለቱም ወገን ምስክር አለኝ። ታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ እንደሚተርከው፣ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት እለ እስክንድሮስ በባሕር ዳር ልጆች ሲጫወቱ አየ፤ አንዱ ጳጳስ ሆኖ ሌሎቹን ያጠምቃል። ጠርቶ ቢመረምራቸው ጥያቄውም መልሱም ሥርዓቱን የጠበቀ ሆኖ አገኘው፤ ስለዚህም የተጠመቁት ዳግመኛ እንዳይጠመቁ ፈረደ። ያ ጳጳስ የሆነው ልጅ አትናቴዎስ ነው፤ ኋላ ለእኛ አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የሾመልን። በሐዲስም እመት ዓኢሻ በአሻንጉሊት ትጫወት እንደነበር ቡኻሪ ጽፏል። በአቡ ዳውድ ዘገባ ደግሞ ከአሻንጉሊቶቿ መካከል ክንፍ ያለው ፈረስ ነበረ፤ ነቢዩ ፈረስ ክንፍ አለው ወይ ብለው ቢጠይቋት፣ የሱለይማን ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አልሰሙምን ብላ መለሰችላቸው፤ እሳቸውም ሳቁ። መጫወቻ በሃይማኖት ቤት እንግዳ አይደለም ማለት ነው።

በውጭው ዓለምም ይህ አሮጌ ነገር ነው። በ19ኛው ምዕት ዓመት እንግሊዝ አገር እሑድን አጥብቀው በሚያከብሩ ቤቶች ልጆች በሰንበት እንዲጫወቱበት ይፈቀድላቸው የነበረው ከእንጨት የተሠራው የኖኅ መርከብ ከነእንስሶቹ ነው፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ የወጣ ነዋ። በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፉላ የምትባል ሒጃብና ዐባያ የለበሰች አሻንጉሊት ለመካከለኛው ምሥራቅ ገበያ ወጥታ ብዙ ተሽጣለች። እኔ በሁለቱም ነቀፋ የለኝም። ቅር የሚለኝ ቁልፍ የሚጫኑት ዓይነት ነው፤ የሙስሊሙም ይሁን የክርስቲያኑ። መጫወቻው ይናገራል፣ ልጁ ዝም ይላል። የድሮው የቁርአን ቤት ሎህ እንዲያ አልነበረም፤ ልጁ ይጽፍበታል፣ ያነበዋል፣ አጥቦ እንደገና ይጽፋል። ፊደል ገበታውም፣ የቡሄው ጅራፍና ችቦም እንዲሁ በልጁ እጅና አፍ ካልሆነ ዋጋ የላቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። ለልጅ አንድ ሃይማኖት ይማር የምለው እንደ ቋንቋ ነው ብዬ ነበር፤ ልጅ ሲያድግ ይምረጥ ተብሎ አፉ ተለጉሞ አይቆይም፤ በአንዱ ይፈታል፤ ኋላ ሌላም ይማራል። አንድ የሕግ ተማሪ ጓደኛዬ ግን ይህን ምሳሌ አፈረሰብኝ። «አማርኛ ኦሮምኛን ሐሰት ነው አይልም» አለኝ። ልክ ነው። እዚህ ላይ የምመልሰው ግማሽ መልስ ነው። ጸሎቱን፣ ጾሙን፣ ምጽዋቱን፣ የታላላቆቹን ታሪክ ማስተማርና «ያኛው ገሃነም ይገባል» ማለት ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች ናቸው፤ የመጀመሪያው ለአራት ዓመት ልጅ ይሆናል፣ ሁለተኛው አይሆንም። ትልቅ ሲሆን ሊቃውንቱ ይንገሩት፤ ያን ጊዜ መልስ ለመስጠትም አቅም ይኖረዋል። በአገራችን ስም ላይ እንኳ ብናይ፣ ቱሉ አውሊያ ያለው ሰው ኮረብታውን በኦሮምኛ፣ ወሊዮቹን በዓረብኛ ጠራ፤ መካነ ሰላም ያለው በግእዝ ጠራ። አንዱ የሌላውን ስም ለመፋቅ አልሞከረም።

ሁለቱንም እኩል ይማር የምትሉም እንዳላችሁ ዐውቃለሁ። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ መልካም ይመስለኛል። ለሕፃን ግን ሁለት አያት ሁለት ጎን ይዘው የሚጎትቱት ነጠላ ያደርገዋል። ወላጆች ከጋብቻ በፊት፣ ቢዘገይ ከአርባው ቀን በፊት፣ ተነጋግረው አንዱን ይያዙ። አንዱ ወገን ያዝናል፤ ይህን ሸፋፍኜ ማለፍ አልፈልግም።

ማዘኑ ለእኛ ደረሰ። ባለፈው ወር እኅቴ ደውላ ከባለቤቷ ጋራ መወሰናቸውን ነገረችኝ፤ ልጁ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ቁርአን ቤት ይገባል። እውነቱን ልናገርና፣ ማተብ ያለኝ ሰው ነኝና ደስ አላለኝም። እናቴም አንድ ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰችም። በማግስቱ ወደ እኅቴ ቤት ሄዳ ሁለት ነገር ጠየቀች፤ ከበሮዋ ከቁም ሣጥኑ ላይ ትውረድለት፤ ለቡሄም ከሰፈሩ ልጆች ጋራ ጅራፍ ሊያጮህና ሙልሙል ሊቀበል እሷ ዘንድ ይምጣ። አባትየው ሁለቱንም ፈቀደ። «ለፋሲካስ?» ብሎ ጠየቃት። «ለፋሲካማ» አለችው፣ «ሥጋውን ከእናትህ ቤት አስልኬ አበላዋለሁ።»