የቀሪዎች ስሌት በባሕረ ሐሳብ ውስጥ



ሞዱላር አሪትሜቲክ የሚለው ስም አያስፈራችሁ፤ አካፍሎ ድርሻውን መተው፣ ቀሪውን ብቻ መያዝ ማለት ነው። የአብነት ተማሪ ይህን ስሌት በባሕረ ሐሳብ ያውቀዋል፤ ሊቃውንቱም «መግደፍ» ይሉታል።

2016 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲደመርበት 7516 ዓመተ ዓለም ይሆናል፤ በ19 ሲገደፍ 11 ይቀራል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 10 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 20፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 10 ይወጣል። ድምራቸው 30 ነው፤ በየዓመቱም 30 ነው። ብዙዎች ይህን በቃላቸው ይዘውታል፤ እኔ ግን ማረጋገጫው አብሮ ቢነገር እወዳለሁ፤ አጭር ነውና። 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ስለሚሆኑ፣ ወንበሩ ምንም ይሁን ድምሩ የ30 ብዜት ነው። ሁለቱም ከ30 ስለሚያንሱ ከራሱ ከ30 በቀር ሊሆን አይችልም። (ወንበሩ አልቦ ሲሆን መጥቅዕ 30 ይባላል፤ በዚህ ስሌት 0 እና 30 አንድ ናቸው።)

ብቸኛ ቁጥሮች፣ ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው፣ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። አራት ዓመት 1461 ቀናት ነው፤ በ7 ሲገደፍ 5 ይተርፋል። 7 ብቸኛ ቁጥር በመሆኑ፣ በ5 እየዘለልን ሰባቱንም ዕለታት እናዳርሳለን፤ 28 ዓመት ይፈጃል። ሳምንቱ 6 ቀን ቢኖረው ኖሮ ቀሪው 3 ይሆን ነበር፤ ከሁለት ዕለታት በቀርም አንደርስም ነበር። 19ም ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ28 ጋር የሚጋራው አካፋይ ስለሌለ፣ የፀሐይና የጨረቃ ዙሮች አብረው ወደ መነሻቸው የሚመለሱት 532 ዓመት ሲሞላ ነው። ሊቃውንቱ ይህን ዐቢይ ቀመር ብለውታል።