የመሻት ሚዛን

በናይሮቢ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ጊጊሪ ካለው የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት አቅራቢያ፣ ባለጸጎች የሰፈሩበት፣ ሩንዳ የሚባል ለምለም መንደር አለ፤ በዚያ ሰፊ ግቢ ያለው ሰው የጎረቤቱን የበለጠ ግቢ አይቶ ሊተክዝ ሲችል፣ በዚያችው ከተማ በኢስሊ ሰፈር ሱቅ ተከራይቶ የሚነግድ ወገናችን የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ በጊዜው በመክፈሉ ብቻ ፍጹም ተድላ ሊሰማው ይችላል።

የነገሩን ምሥጢር አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊልያም ጄምስ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1890 ባሳተመው የሥነ ልቡና መጽሐፍ፣ ሰው ለራሱ የሚሰጠው ክብር ያገኘው ለተመኘው ሲካፈል የሚወጣው ውጤት መሆኑን በማመልከት ገልጦታል፤ እንግዲህ ክብሩ የሚጨምረው ያገኘው ሲበዛ ብቻ ሳይሆን መሻቱ ሲያንስም ጭምር ነው ማለት ነው።

በዚሁ አቆጣጠር በ1995 የታተመ የአሜሪካውያን ጥናትም፣ በባርሴሎና ኦሊምፒክ የተሸለሙትን ገጽ መርምሮ፣ ነሐስ ያገኙት ብር ካገኙት ይልቅ ደስ ብሏቸው እንደ ታዩ አስረድቷል፤ ሁለተኛው ያመለጠውን ወርቅ፣ ሦስተኛው ግን ባዶ እጁን ከመመለስ መትረፉን ያስባልና።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ብንወስድ፣ በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ሩጫ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በኃይሌ ገብረ ሥላሴ የተቀደመው በ0.09 ሰከንድ ብቻ ሲሆን፣ ሦስተኛ የወጣው አሰፋ መዝገቡ ነበር። ሆኖም ሕሊናን ለማሳረፍ ሲባል መሻትን መቀነስ ይገባል የሚለውን ምክር እኔ በሙሉ ልቤ አልቀበለውም፤ በብር ሳይወሰን መሮጡን የቀጠለው ቴርጋት ከሦስት ዓመት በኋላ በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ፈጽሞ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሯል።