የተጠበሰ ዓሣ ዋጋው ይገባዋልን?
(በዓለም ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ጽሑፍ)



የዛሬው ጥያቄዬ ሲሰሙት ቀላል ነው። በጾም ወራት ምግብ ቤቶች የሚያቀርቡት የተጠበሰ ዓሣ የሚጠየቅበት ገንዘብ ይገባዋል ወይስ አይገባውም? ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው የሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ስለሆነ አልገባበትም። የምናገረው ሊበላ ወስኖ ገበታ ላይ ስለተቀመጠው ሰው፣ ስለ ኪሱና ስለ ሰውነቱ ነው።

በመጀመሪያ ዋጋው ከምን እንደሚሠራ እንመልከት። ከሐይቅ የወጣ ዓሣ በአዲስ አበባ በኩል እዚህ እንዲደርስ ሙከጡሪንና ለሚን አልፎ፣ የጀማን ሸለቆ ወርዶ፣ እንደገና ዳገቱን መውጣት አለበት። የሸለቆው ሙቀት ለዓሣ ጠላት ነው። በበረዶ በሚገባ የተያዘ ዓሣ ቀናት ይቆያል፤ በረዶ ያልነካው ግን በሙቀት በሰዓታት ውስጥ ይበላሻል። ስለዚህ ከምንከፍለው ገንዘብ ከፊሉ የመንገድና የበረዶ ዋጋ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሚዛኑ ነው። ሙሉ ዓሣ ሲመዘን ራሱ፣ አጥንቱ፣ ቅርፊቱና ሆድ ዕቃው አብረው ይመዘናሉ። ከአንድ ኪሎ ቆሮሶ የሚገኘው አጥንት አልባ ሥጋ፣ ማለትም ፊሌቶ፣ ሲሦ ያህል ነው። ለስሌት እንዲመቸን ሙሉው ዓሣ በኪሎ 300 ብር ነው እንበል። እንግዲያው አንድ ኪሎ ፊሌቶ ገና መጥበሻ ሳይነካ 900 ብር ሆነ ማለት ነው። ዘይቱ፣ ከሰሉና የሠራተኛው ድካም ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ፤ ፊሌቶው ርካሽ ከሆነ አንድ ነገር ተቀንሷል። ወይ ሥጋው ሳስቶ ዱቄቱ ወፍሯል፣ ወይ ዘይቱ ደጋግሞ ጠብሷል፣ ወይ ዓሣው ሰንብቷል።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ በ1962 እ.ኤ.አ. ሉ ግሮን የተባለ የማክዶናልድስ ምግብ ቤት ባለቤት ተመሳሳይ ፈተና ገጥሞት ነበር። አብዛኞቹ ጎረቤቶቹ ካቶሊኮች ስለነበሩ ዓርብ ዓርብ ሥጋ አይበሉም፤ ገበያውም ይቀዘቅዝበታል። መላ ሲፈልግ በዳቦ የሚቀርብ የተጠበሰ ዓሣ አዘጋጀ። ሃሊበት በተባለው ውድ ዓሣ ሲሠራው ዋጋው 30 ሳንቲም ገደማ ሆነ፤ ድርጅቱ ግን በ25 ሳንቲም እንዲሸጥ ጠየቀ። መፍትሔው ዓሣውን በርካሹ ኮድ መለወጥ ሆነ። ያ ምግብ እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሸጣል። እኛ እዚህ ልብ ማለት ያለብን ዋጋው አስቀድሞ ሲወሰን የሚለወጠው ሳህኑ ላይ ያለው ነገር መሆኑን ነው።

አሁን ወደ ሰውነታችን እንለፍ። መቶ ግራም ጥሬ የቆሮሶ ሥጋ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። መቶ ግራም ደረቅ ምስር ደግሞ 24 ግራም ገደማ ይዟል፤ ሽምብራም ከዓሣው አያንስም። ፕሮቲን ፈልጎ ዓሣ የሚገዛ ሰው እንግዲህ በሽሮና በምስር የሚያገኘውን በብዙ እጥፍ ዋጋ እየገዛ ነው። ለእርሱ ዋጋው አይገባውም።

ነገር ግን ምስር የማይሰጠው አንድ ነገር አለ። ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮው የሚገኘው ከእንስሳት በሚመጣ ምግብ ነው። ደምና ነርቭ ያለ እርሱ በቅጡ አይሠሩም። አንድ አዋቂ በቀን 2.4 ማይክሮ ግራም ያስፈልገዋል፤ መቶ ግራም ቆሮሶ ከዚህ ከግማሽ በላዩን ይሰጣል። ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ ለረጅም ጊዜ ከገበታው ለራቁበት ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ መቶ ሕፃናት 37ቱ ለዕድሜያቸው አጭር ሆነው ማግኘቱን እናስታውስ።

የዋጋው ጥያቄ እዚህ ላይ መልኩን ይለውጣል። ዓሣው የሚበላው በአብዛኛው ምግብ ቤት ነው፤ ምግብ ቤት የሚቀመጠው ደግሞ በአብዛኛው አባወራው ነው። ነፍሰ ጡሯ፣ የምታጠባው እናትና ጡት የጣለው ሕፃን ቤት ናቸው። ያው ዓሣ፣ በያው ዋጋ፣ ለአንዱ ቅንጦት ሲሆን ለሌላዋ መድኃኒት ነው። ስለዚህ መልሴ ይህ ነው፦ ዋጋው የሚገባው ለሚያስፈልገው ሰው ሲደርስ ነው።

ሦስት ምክር ልጨምር። አንደኛ፣ በዱቄት ከተሸፈነው ይልቅ ከነአጥንቱ ተበልቶ የተጠበሰውን ምረጡ፤ ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ መሆኑን ሳይጠበስ ማየት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ለቤተሰብ ጥሬውን ገዝታችሁ ወጥ አድርጉት፤ ራሱና አጥንቱም ለመረቅ ይሆናሉ። ለሕፃናት ግን አጥንቱ በጥንቃቄ ይለቀም። ሦስተኛ፣ በጀማና በወንጪት አምባዛና ሌሎች ዓሦች አሉ። የቅርብ ዓሣ የመንገድና የበረዶ ዋጋ ያንሰዋል። ይህ የሚሆነው ግን ወንዙን በብርብራ ካልመረዝነውና በመራቢያው ወቅት ካልዘረፍነው ነው።

ዳኝነቱን ለእናንተ እተዋለሁ።