ስለ ሥጋችን ከሞት በኋላ

በአምባ ጊዮርጊስ በበዓሉ ዕለት ለምእመናን የተነገረ



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ሞት መናገሬ አያስደንቃችሁ። ይህች ቤተ ክርስቲያን እኛን ያጠመቀች እናት እንደ ሆነች ሁሉ፥ አባቶቻችንንም በቅጽሯ ያሳረፈች እርስዋ ናት። የእርስዋ በዓል የእነርሱም በዓል ነው።

በአገራችን አንድ የሐሜት ልማድ አለ። የሞተ ሰው አስከሬን ፈጥኖ ያበጠ ወይም የሸተተ እንደ ሆነ፥ በለቅሶ ቤት «ኃጢአቱ ነው» እየተባለ ይንሾካሾካል። ሳይለወጥ የቆየ እንደ ሆነ ደግሞ «ጻድቅ ነበረ» ይባላል። ባልዋን የቀበረች ሴት ከሞቱ ይልቅ በሐሜቱ ስታለቅስ አይቻለሁ። ስለዚህ ነገሩ እንደሚባለው አለመሆኑን ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

ልብ መምታቱን ባቆመ ጊዜ ደም አይዘዋወርምና ሰውነት ይቀዘቅዛል። ደሙም እንደ ውሃ ወደ ታች ስለሚወርድ ሬሳው የተኛበት ወገን ይጠቁራል፤ ይህ የዱላ ምልክት አይደለም። ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ከመንጋጋው ጀምሮ ይገተራል፤ 12 ሰዓት ያህል ሲሞላው መላ አካላቱ ይደርቃል፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላም እንደ ገና ይላላል። ገናዦች ዓይኑን ለመክደንና እጅ እግሩን ለማቅናት የሚፈጥኑት ስለዚህ ነው። ከዚያም በሕይወት ሳለን በሆዳችን የሚኖሩት፥ በዓይን የማይታዩት ረቂቃን ተሕዋስያን ሥጋውን መብላት ይጀምራሉ፤ ከእነርሱ የሚወጣውም አየር ሆድን ይነፋል። ይህ ሥራ በቆላ ይፈጥናል፥ እንደ ወገራ ባለ ደጋ ግን ይዘገያል። እንግዲህ ጻድቁ በመተማ ቆላ፥ ኃጢአተኛው በእኛ ደጋ ቢሞቱ፥ ቀድሞ የሚሸተው የጻድቁ ሥጋ ነው።

ደርቆ የሚቀርም አለ። ጎንደርን የመንግሥት ከተማ ያደረጉት ዐፄ ፋሲል በ1660 ዓ.ም. ዐርፈው አስከሬናቸው በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ ይጠበቃል፤ በ1460 ዓ.ም. ያረፉት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም በዚያው ናቸው። በላስታም በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ፥ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ፥ ስማቸው የማይታወቅ የብዙ ሰዎች ሬሳ ደርቆ ይታያል። እንግዲህ ደርቆ መቆየት ለንጉሥም ስሙ ለጠፋውም የሚሆን ነገር ነውና፥ የማዕርግም የጽድቅም መለኪያ ሊሆን አይችልም።

አልዓዛርን አስቡ። ጌታችን የሚወደው ወዳጁ ነበረ፤ ነገር ግን በአራተኛው ቀን እኅቱ ማርታ ሽታውን ፈርታ ነበር። ጌታችንም በስሙ ጠርቶ አስነሣው እንጂ ስለ ሽታው አልነቀፈውም።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ ወገን በሚያለቅስበት ቤት አስከሬን መርማሪ አንሁን። ድኻውንም ባለጠጋውንም በአንድ ክብር እንገንዝ፥ በአንድ ፍትሐት እንሸኝ፥ ፊቱንም ወደ ምሥራቅ አድርገን እንቅበር። መሬት የምትሠራው ሥራ ለሁላችን አንድ ነው፤ የሰውን ሥራ የሚመዝን ግን እግዚአብሔር ብቻ ነው።

በዚህ ቅጽር ያረፉትን ሁሉ ነፍሳቸውን ይማር፤ እኛንም ለንስሐ ያብቃን። አሜን።