መጠጥና አእምሮ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)





የዛሬው ንግግሬ ስለ መጠጥ ነው። ጠላና ጠጅ ለሠርግም ለበዓልም የሚቀርብ የአባቶቻችን ነገር ነውና የቀመሰውን ሁሉ ለመውቀስ አልተነሣሁም። የማነሣው ለብዙ ዓመት ጠጥቶ፣ ያለ አረቄ ውሎ ማደር ያቃተውን ሰው ነው።

እንዲህ ያለውን ሰው ብዙ ጊዜ «ውሸታም ሆነ» እንለዋለን። ትናንት የት ዋልክ ሲሉት፣ ያልሄደበትን ለቅሶ ደርሼ መጣሁ ይላል። መዋጮውን ሳይከፍል ከፍያለሁ ብሎ ይምላል። የልጅነቱን ግን ምንም ሳያስቀር ያወራል። ይህ እኮ ሁልጊዜ ውሸት አይደለም፤ በሽታም ሊሆን ይችላል። አዲስ ነገር በአእምሮው አልቀመጥ ይለዋል፤ የጎደለውን አእምሮው ራሱ በሌላ ወሬ ይሞላዋል፤ ሰውዬውም የሚናገረውን ከልቡ ያምነዋል።

ይህን ሕመም የሩሲያው ሐኪም ሰርጌይ ኮርሳኮፍ እ.ኤ.አ. በ1887 ጽፎበታል። ከእርሱ ቀድሞም በ1881 የጀርመኑ ሐኪም ካርል ቬርኒኬ የበሽታውን አጀማመር ገልጾ ነበር። ዋና ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፤ የሐሳብ መደናገር፣ የዓይን እንቅስቃሴ መታወክና ሲራመዱ መንገዳገድ። ሦስቱ አንድ ላይ ላይታዩ ይችላሉ። ክፋቱ ታዲያ፣ ያየው ሁሉ «ሰክሮ ነው» ብሎ ማለፉ ነው።

ምክንያቱ የቫይታሚን ቢ 1 እጥረት ነው። ሰውነታችን ይህን ቫይታሚን የሚያከማቸው ለጥቂት ሳምንታት ያህል ብቻ ነው። ጠጪው በደንብ አይበላም፤ የበላውንም ቢሆን አልኮሉ አንጀቱ ቫይታሚኑን እንዳይወስድ ያውከዋል። በተጨማሪም አልኮል ራሱ በግንባር በኩል ያለውን የአንጎል ክፍል ይጎዳል። ማመዛዘንና ራስን መግታት በዚያ ክፍል የሚመራ ነው። «ተው» ስንለው ጠዋት እሺ ብሎ ማታ መመለሱ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ደግነቱ ግን በጊዜ ከተደረሰበት ቫይታሚኑ በመርፌ ይሰጣል፤ ብዙው ጉዳትም ይተርፋል። ከዘገየ መርሳቱ የዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል። መጠጥ ያቆመ ሰው በወራት ውስጥ አስተሳሰቡ እየተሻሻለ ሊሄድ ይችላል። ነገር ግን አደራ፣ የከረመ ጠጪን ቤት ዘግታችሁ በአንድ ቀን አታስተዉት። ያንቀጠቅጠዋል፣ የሌለ ነገር ያሳየዋል፣ እንደሚጥል በሽታ ይጥለዋል፤ ሊገድለውም ይችላል። ማቆም ያለበት በሐኪም እርዳታ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ሳይጠጣ የሚንገዳገድና የሚደናገር ጎረቤት ስታዩ ዛሬውኑ ወደ ሕክምና ውሰዱት፤ ለዓመታት መጠጣቱንም ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ። ሁለተኛ፣ ገንዘብ ያዦች የእንዲህ ያለውን አባል መዋጮ ቤተሰቡ ባለበት ተቀበሉ፤ ደረሰኙንም ለቤተሰቡ ስጡ። ሦስተኛ፣ መዋጮ አጓደለ ብለን ስሙን ከመዝገብ ከመሰረዛችን በፊት ታሞ እንደሆነ እንጠይቅ። የሚሰረዘው እኮ እርሱ ብቻ አይደለም፤ ሚስቱና ልጆቹም ቀባሪ ያጣሉ።