በጆንያ የቀረው ጉሎ

(በምሽቱ የእራት ግብዣ ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ አማራጭ ነዳጅ ትንሽ በለን» ሲሉኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ምክንያቱን አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ «ጉሎ» የሚል ቅጽል ስም ያወጣችሁልኝ እናንተው ናችሁ። ዛሬ ግን ልናገረው።

በ2000 ዓ.ም. በደቡብ አንድ ወረዳ የሰብል ባለሙያ ነበርኩ። መንግሥት የባዮፊውል ስትራቴጂ አውጥቶ ጃትሮፋና ጉሎ በየስብሰባው የሚነሱበት ጊዜ ነው። ሐምሌ ላይ አንድ በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ 147 ዶላር ደረሰ። ወረዳችን የመጣ አንድ ኩባንያ ለገበሬው የጉሎ ዘር አደለ፤ ምርቱንም እኔው እገዛለሁ አለ። እኔ ደግሞ ቤት ለቤት እየዞርኩ አግባባሁ። አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ጉሎ ይበላል እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። «ይሸጣል አባባ፤ በብሩ በቆሎ ይገዙበታል» አልኳቸው። የማሳቸውን ግማሽ ሰጡ።

ታኅሣሥ 2001 ላይ በርሜሉ ከ40 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። ኩባንያው ቢሮውን ዘጋ፤ ብንደውል ስልክ የሚያነሳ ጠፋ። የሽማግሌው ጉሎ በጆንያ ተከመረ፣ በቆሎው ግን አልነበረም። እኔ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወርኩ፤ እንዲያውም እድገት አገኘሁ። አሁንም አፍርበታለሁ።

ኩባንያው ላይ ማላከክ ቀላል ነው። ነገር ግን አማራጭ ነዳጅ የሚያመርት ሰው ዋጋውን ራሱ አይተምንም፤ የሚተምንለት የድፍድፉ ገበያ ነው። ነዳጅ ሲወደድ ሁሉም አጨብጫቢ ነው። ሲረክስ ኪሳራውን ማን ይሸከም? ያኔ ያንን ጥያቄ አልጠየቅንም፤ ውሉ ላይም ዝቅተኛ የመግዣ ዋጋ አልተጻፈም።

ብራዚሎች ይህንን በትልቁ ቀምሰውታል። ከመጀመሪያው የነዳጅ ቀውስ በኋላ፣ በ1975 እ.ኤ.አ.፣ መንግሥታቸው ከሸንኮራ አገዳ ኢታኖል ማምረትን በብድርና በዋጋ ዋስትና ደገፈ። በሰማንያዎቹ አጋማሽ ከሚሸጡት አዳዲስ መኪኖች አብዛኞቹ በኢታኖል ብቻ የሚሠሩ ነበሩ። በ1986 የነዳጅ ዋጋ ወደቀ፤ ድጋፉም ላላ። ቆይቶ ስኳር ሲወደድ ፋብሪካዎቹ አገዳውን ወደ ስኳር አዞሩት፤ መንግሥትን አምኖ መኪና የገዛው ሕዝብ ማደያ ላይ ተሰልፎ ቀረ። ገዢው እንደገና ወደ ኢታኖል የተመለሰው በ2003 ቤንዚንም ኢታኖልም የሚቀበል መኪና ገበያ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ዋጋ አይቶ የመምረጡ ሥልጣን ለሹፌሩ ተሰጠው ማለት ነው።

እኛም ኢታኖል ቀላቅለናል። አዲስ አበባ ላይ በ2001 ዓ.ም. በ5 ከመቶ ተጀምሮ በ2003 ወደ 10 ከፍ አለ። የሚገኘው ከሞላሰስ ነው፤ የስኳር ፋብሪካው ከቆመ እሱም የለም። የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ለዓመታት ቤንዚኑን ራሱን ስንደጉም ኖረናል፤ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሳት የጀመረው በሐምሌ 2014 ነው። በአንድ እጅ አማራጩን እያስተዋወቅን በሌላው ተፎካካሪውን እናረክስ ነበር!

አሁን ተራው የኤሌክትሪክ ሆኗል። ከጥር 2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። እውነቱን ለመናገር ይኼኛው ከጉሎው የተሻለ መሠረት አለው፤ ኃይላችን በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ነው፣ የማንንም በቆሎ አይሻማም። ባትሪውና መለዋወጫው ግን አሁንም በዶላር ነው።

ባለፈው ዓመት ያቺን ወረዳ አየኋት። ሽማግሌው አርፈዋል። ልጃቸው ባጃጅ ይነዳል፤ ቤንዚን ወረፋ ላይ ነው ያገኘሁት። «ጋሼ፣ ተበድሬ የኤሌክትሪኩን ልግዛ ወይ?» አለኝ። ከተማው ውስጥ መብራት በሳምንት ስንት ቀን እንደሚጠፋ፣ ባትሪው ሲደክም በስንት እንደሚቀየር፣ ዋስትናውን ማን እንደሚፈርም ጠየቅኩት። አያውቅም። ወረፋው እስኪደርሰው አብረን ቁጭ ብለን በደረሰኝ ጀርባ ላይ ሒሳቡን ጻፍን፤ ያላወቅነውን ባዶ ተውነው። ለሻጩ ወስዶ እንዲያስሞላው ወረቀቱን ሰጠሁት።